የአንድ ሌማት ልጆች

እሑድ ከቀትር በኋላ በከላላና በአካባቢዋ ባሉት መንገዶች የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያያል። ይኸውም ከ15 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸው ልጆች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ከየቀበሌው ወደ ከተማ ሲሄዱ ነው። በአንዱ ከረጢት ሽሮና በርበሬ፣ በሌላው ድርቆሽ፣ በሌላው ጥቂት የባቄላ ቆሎ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ስለማይገኝ፣ የቆላውም የደጋውም ልጅ ወደ ከላላ፣ ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ሌላ ቅርብ ከተማ መጥቶ፣ ሁለትና ሦስት እየሆነ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሳምንቱን በዚያ ያሳልፋል። ወላጆቹም ስለ ትምህርቱ በጉንም ጤፉንም ሽጠው የቤት ኪራይ ይከፍላሉ።

ይህ ድካም የሚያስመሰግን ድካም ነው። በዚህ ወር በዓምዳችን ልንነጋገርበት ያሰብነው ግን ስለ ልጆቹ ማታ ነው። ቀኑን የት እንደሚውሉ እናውቃለንና፤ ማታውን ከማን ጋር እንደሚያሳልፉ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። እኛም ሳንጠይቅ ከቀረነው አንዱ ስለ ሆንን፣ የሆነውን ነገር እንደ ሆነው እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እናስተምርባት በነበረች በዚያው አገር ባለች አንዲት ከተማ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የነበሩ ሁለት ልጆች በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። አንደኛው የክርስቲያን፣ ሁለተኛው የሙስሊም ልጅ ነበረ። ስማቸውንም ቀበሌያቸውንም አንገልጽም፤ የትኛው ክርስቲያን፣ የትኛው ሙስሊም እንደ ነበረም አንናገርም፤ በኋላ የደረሰው መከራ ከሃይማኖት የመጣ አይደለምና። በወሎ እንደ ተለመደው ሽሮአቸውን በአንድ ድስት ይሠሩ፣ ድርቆሻቸውንም ከአንድ ሌማት ያነሡ ነበር፤ ሥጋ የመጣ ዕለት ብቻ ድስታቸው ይለያል። የአንዱ እናት ስንቅ ሲልኩ ለሁለት ልጅ የሚበቃ አድርገው ይልኩ ነበር። አንዱ በሒሳብ ይበረታ፣ ሌላውም ጽሕፈቱ ያምርለት ስለ ነበር፣ ለአንዱ ያልገባውን ሌላው ያስረዳው ነበር። በክፍል ውስጥም በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይርቅ የከረምቡላና የጆተኒ ቤት ነበረ። ከሁለቱ በአንድ ዓመት የሚበልጠው ልጅ በመጀመሪያ ለማየት ቆመ፤ ቀጥሎ ለመጫወት ገባ፤ በመጨረሻም በገንዘብ መጫወት ጀመረ። አባቱ በግ ሸጠው የሰጡትን የቤት ኪራይ በሁለት ማታ ተበላ። ይህን ለአባቱ መንገር አፈረ፤ ለጓደኛውም መንገር አፈረ። ዕዳውን የከፈሉለት በዕድሜ ከፍ የሚሉ ጎረምሶች ነበሩ፤ እነርሱም የከፈሉለትን በነጻ አልከፈሉለትም። በገበያ ቀን አመሻሽ ላይ ከገበያ የሚመለሰውን ሰው እየጠበቁ ስልኩንና ገንዘቡን ይቀሙ ነበርና፣ ልጁን በመንገዱ ማጠፊያ ላይ አቁመው ሰው ሲመጣ በፉጨት እንዲያስታውቃቸው አደረጉት።

አንድ ማታ ታናሽየው ፍራሹን ሲያነሣ ከሥሩ አንድ ስልክ አገኘ። ስልኩን አወቀው። ስንቃቸውን አልፎ አልፎ በአህያ ጭነው የሚያመጡላቸው የአገራቸው ሽማግሌ ስልክ ነበረ። ጓደኛውን ቆይቶ በመጣ ጊዜ፣ «ለሰውዬው መልስ፤ ካልመለስህ ቅዳሜ ለአባትህ እነግራለሁ» አለው። ይህ ቃል የወንድም ቃል ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስም ልጁን ከጥፋት ሊመልሰው የሞከረ ሌላ ሰው አልነበረም። ልጁ ግን በጭንቀቱ ነገሩን ለጎረምሶቹ ነገራቸው። እነርሱም፣ «ጓደኛህ ጆሮ ጠቢ ነው፤ ሁላችንንም ያሳስረናል፤ ዝም አሰኘው» አሉት።

በማግሥቱ ማታ ሁለቱን በመንገድ ላይ አገናኟቸውና ዙሪያውን ከበው ቆሙ። ነገሩ በቃል ተጀመረ። አንዱ ከኋላ ገፋ፤ ሁለተኛው ሳቀ፤ ሦስተኛው «ፈራህ እንዴ?» አለ። ልጁም በኪሱ የነበረችውን ስለት አውጥቶ፣ አብሮት ከአንድ ሌማት ሲበላ የነበረውን ጓደኛውን ወጋው።

የከበቡት ሁሉ በቅጽበት ተበተኑ። ከቆሰለው ጋር የቀረው የወጋው ብቻ ነበር። ጓደኛውን በጀርባው አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ። ሁለቱም በደም ተነክረው ስለ ነበር፣ በሩን የከፈተው ዘበኛ የቆሰለው የትኛው እንደ ሆነ መለየት እንዳቃተው በኋላ ነገረን። ልጁ ግን ያችን ሌሊት አላለፋትም።

እዚህ ላይ የራሳችንን በደል መናገር ይገባናል። ያችን ስለት እኛ አስቀድመን አይተናት ነበር። በክፍል ውስጥ እርሳስ ሲቀርጽባት አይተን፣ «ስለቷስ ደኅና ናት» ብለን ስቀን አልፈናል። የእርሳስ መቅረጫ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ አንድ ተማሪ ስለ ምን ጩቤ በኪሱ ይዞ እንደሚመጣ አልጠየቅነውም። ከትምህርት የቀረባቸውንም ቀኖች በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገንባቸዋል፤ ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ወደምትርቀው ክፍሉ ሄደን አላየነውም። ምልክቱን በማድረጋችን ብቻ ሥራችንን የፈጸምን መስሎን ነበር።

ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ «ምን አጣላቸው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን ብዙ ካሰብንበት በኋላ ያገኘነው፣ የተሰወረ ዕዳ፣ የከበበ ዐይንና በኪስ ያለች ስለት በአንዲት ማታ መገናኘታቸውን ነው። ዕዳው ብቻውን ቢሆን በአባት ቁጣ ያልቅ ነበር። ጠቡ ብቻውን ቢሆን ደግሞ በጡጫ አልቆ፣ በማግሥቱ ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። የጎረምሳ ቁጣ የገለባ እሳት ነው፤ ፈጥኖ ይነዳል፤ ፈጥኖም ይጠፋል። ስለት ግን ቁጣው እስኪበርድ ድረስ አትጠብቅም።

ይህ መከራ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ በሞተር ብስክሌት የሚደረገው ቅሚያና ሌላው ወንጀል ስለ በዛ፣ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት በከተማው ውስጥ እንዳይሄድ ከልክሎ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ሞተሩን በዐዋጅ ማገድ ይቻላል፤ ከሞተሩ በስተኋላ ተቀምጦ እጁን የሚዘረጋውን ልጅ ግን ወደዚያ ወንበር ያደረሰው ምን እንደ ሆነ መመርመር የቤተ ሰብም የመምህርም ሥራ ነው። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ደርሶ ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ጊዜ፣ ዳግመኛም ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት፣ የብዙ ትምህርት ቤት በር ተዘግቷል። ደብተር በታጠፈበት ጊዜ መሣሪያ ማየትን የለመደ ልጅ፣ በኪሱ ስለት መያዝን እንደ ቁም ነገር እንኳ አይቆጥረውም።

አንዳንድ ሰዎች «የዛሬ ልጅ ተበላሽቷል» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኛ ግን ይህን አባባል አንቀበለውም። እኛ ራሳችን በልጅነታችን የአብነቱን ትምህርት ስንማር ከአባታችን ቤት ርቀን፣ በሣር ጎጆ አድረን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ቁራሽ ለምነን ነው ያደግነው። ከዛሬዎቹ ልጆች የተሻለ ጠባይ አልነበረንም። ለውሻ መከላከያ የያዝነውን በትር እርስ በርሳችን ያነሣንበት ቀንም አለ። ነገር ግን ማታ ማታ የኔታ ነበሩ። ቀለሙን ስናሰማ ማን እንደ ቀረ በድምፁ ማነስ ያውቁ ነበር። ሁለት ልጆች ተኳርፈው የመጡ እንደ ሆነ ትልልቆቹ ተማሪዎች አስታርቀው፣ እንቢ ያለውን የኔታ ዘንድ ሳያቀርቡ አያድሩም ነበር። ጎጆአችን የሣር ብትሆንም ጠባቂ ነበራት።

ዛሬ በከተማ ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ያጣው ይህን ነው። የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ እስከ ማግሥቱ ደወል ድረስ «የት ነበርህ?» የሚለው ሰው የለውም። አባት በሩቅ ነው፤ መምህር ወደ ቤቱ ገብቷል፤ አከራይ የኪራዩን ቀን ይጠብቃል። የከረምቡላው ቤት ግን ክፍት ነው፤ መብራቱም በርቷል። እንግዲህ ልጁን በስሙ ጠርቶ የሚቀበለው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ብዙ ወላጆች ደግሞ «ልጅ ስለ ሆነ ሕግ አይነካውም» ብለው ያስባሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዕድሜን በሦስት ይከፍለዋል። 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከወንጀል ኃላፊነት ነጻ ያደርገዋል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ለወጣቶች ተለይተው በተደነገጉት የእርምት እርምጃዎችና ቅጣቶች ይዳኘዋል። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላውን ግን በመደበኛው ሕግ ያየዋል፤ ዳኛው ዕድሜውን ተመልክቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ በሞትም አይቀጣም። ተራ የሰው ግድያ በዚሁ ሕግ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በማረሚያ ተቋም የሚገቡ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዝዛል። እነሆ የእኛ ተማሪ 16 ዓመት ሆኖት ነበር። አባቱ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆመው፣ «ልጅ እኮ ነው» እያሉ ላገኙት ሰው ሁሉ ሲናገሩ በዐይናችን አይተናል።

የሟቹስ ቤተ ሰብ? ከአባቶቻችን ሲነገር የሰማነው አንድ የጥንት ፍርድ አለ። ሁለት ጓደኛሞች ልጆች ፍሬ ሊለቅሙ ወደ ዛፍ ሄዱ። አንዱ ከላይ ሆኖ ሲለቅም ቅርንጫፉ ተሰብሮ ከሥር በቆመው ጓደኛው ላይ ወደቀበትና ገደለው። የሟቹ እናት ካሣ አልቀበልም፣ ደም በደም ይፈረድልኝ ብለው ከዳኛው ፊት ጸኑ። ዳኛውም፣ «መልካም ነው፤ ገዳዩ ከዛፉ ሥር ይቁም፤ ሁለተኛው ልጅሽ ወደ ዛፉ ወጥቶ ይውደቅበት» ብለው ፈረዱ ይባላል። እናቲቱም ይህን በሰሙ ጊዜ የቀረ ልጃቸውን ተመልክተው ዝም አሉ፤ ካሣውንም ተቀበሉ።

በእኛም ከተማ ይኸው ዛፍ ሊቆም ነበር። ሟቹ የ14 ዓመት ታናሽ ወንድም ነበረው። ለቅሶው ገና ሳይበርድ አንዳንድ ዘመዶች በልጁ ጆሮ «የወንድምህ ደም» እያሉ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ነገሩም ወደ ሃይማኖት እንዲዞር የሚሹ አፎች አልጠፉም። ወሎ ግን አበጋር የሚባሉ፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ አስታራቂዎች የኖሩበት አገር ነው፤ ይህ ልማድ ገና አልጠፋምና ካህናቱና ሼኾቹ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በአንድነት ተነሡ። የገዳዩ ወገኖችም እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክመው በሟቹ ቤተ ሰብ ደጅ ተንበረከኩ። የሟቹ እናት የተናገሩትን እኛ በዚያው ቆመን ሰምተናል። «አንዱን ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛውን ለቂም አልሰጥም፤ እሱ ትምህርት ቤቱ ይሂድ» አሉ። ለሁለት ልጅ ስንቅ ይልኩ የነበሩት እናት እኚህ ነበሩ። ዕርቅ ደም ያደርቃል የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማው ነበር፤ ስንት እንደሚያስከፍል ያወቅነው ግን በዚያ ቀን ነው።

በባዕድ አገርም ተመሳሳይ መከራ ደርሶ፣ ከዚያ ሊማሩ የቻሉ ሰዎች አሉ። በስኮትላንድ የምትገኘው የግላስጎው ከተማ ጎረምሶች በየሰፈሩ ተቧድነው በስለት የሚወጋጉባት ከተማ ነበረች። በ1997 ዓ.ም. ፖሊሶቿ ማሰር ብቻ እንደማይበቃ ተረድተው፣ ጠቡን እንደ ተላላፊ በሽታ ቈጥሮ ከመነሻው የሚከላከል አንድ ክፍል አቋቋሙ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የየቡድኑን ጎረምሶች ወደ ፍርድ ቤት አዳራሽ ጠርተው፣ የተወጉትን የሚያክሙ ሐኪምና ልጇ የተጎዳባት እናት እንዲነግሯቸው አደረጉ። ጠቡን ለሚተው ሥራና ትምህርት እንደሚፈለግለት፣ ለማይተው ደግሞ ሕግ እንደሚጠብቀው በዚያው አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በከተማዪቱ የስለት ጠብና ግድያ በብዙ ቀንሷል። የእነርሱ ብልሃት ከየኔታ ብልሃት የራቀ አይደለም፤ ልጁን ከማጥፋቱ በፊት በስሙ መጥራት ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁን ወደ ከተማ ስትልኩ ስንቁን ብቻ አትቍጠሩ። በመጀመሪያ፣ በዚያች ከተማ ከሚኖሩ ዘመዶች ወይም ከጽዋ ማኅበራችሁ ሰዎች አንዱን «ማታ ማታ እየው» ብላችሁ ዐደራ ስጡ፤ የንስሐ አባታችሁም በከተማው ያለውን ካህን እንዲያውቁት ያድርጉ። ሁለተኛ፣ የልጃችሁን ጓደኛ እወቁት፤ ስንቅ ስታደርሱ ሁለቱንም አስቀምጣችሁ አነጋግሩ። የልጃችሁን ውድቀት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ጓደኛው ነውና፣ ያን ጓደኛ «ነገር አመላላሽ» ብላችሁ አታሳፍሩት። ሦስተኛ፣ ልጃችሁ ገንዘብ አጠፋሁ ብሎ በመጣ ጊዜ፣ ተቈጡ እንጂ በሩን አትዝጉበት። የአባት ቁጣ እጅግ አስፈሪ ሲሆን ልጅ ዕዳውን ወደሚከፍልለት ሌላ ሰው ይሄዳል። አራተኛ፣ ኪሱን እዩ። ስለት ለእርሻና ለማዕድ ቤት ነው፤ በተማሪ ኪስ ምንም ሥራ የላትም።

መምህራንም ሆይ፣ በቀይ ቀለም ምልክት ያደረግንበት ስም ሁሉ የሚሄዱበት ቤት እንዳለው አንርሳ። እኛ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን የቀረን ተማሪ በአራተኛው ቀን በክፍሉ ሄደን መጠየቅን ልማድ አድርገናል። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ጉንፋን ወይም የስንቅ ማለቅ ነው። በከንቱ ደከምን ብለን ግን አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ያን ልጅ ባለበት ማረሚያ ቤት ሄደን ጠየቅነው። ቁመቱ ጨምሯል፤ ድምፁም ጎርንኗል። ስለ ራሱ ምንም አልጠየቀንም። «እናቱ ደኅና ናቸው ወይ?» ብቻ አለን። ደኅና መሆናቸውን፣ ታናሽየው ልጅም ትምህርቱን መቀጠሉን ነገርነው። እናቲቱ ዕርቁን እንደ ተቀበሉ፣ የልጁን ፊት ለማየት ግን ገና እንዳልቻሉ ለእኛ ነግረውን ነበር፤ ይህንንም አልሸሸግነውም። ራሱን ደፍቶ ሰማን። ስንወጣም ያዘነውን እንጀራ ተቀብሎ አብረውት ለታሰሩት አካፈለ።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በሚመጣው እሑድ ልጃችሁ ስንቁን ሲያዝል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩለት፤ «ማታ ማታ ከማን ጋር ነህ?» በሉት። መልሱንም እስኪጨርስ ድረስ ተቀምጣችሁ ስሙት። እግዚአብሔር የልጆቻችንን ማታ ይጠብቅልን።